ትምህርት ዘጠኝ፦ ቬስፓ መግዛትና መንዳት መማር

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ሆይ! ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፣
1. የአንድን ሥራ አካሄድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት ለመጻፍ፣
2. ቦዝ አንቀጽ ከሚሰጠው ፍችና «እየ» የሚለው ባዕድ መነሻ ከሚሰጠው ፍች መካከል ያለውን ልዩነት ለመለየት ትችላላችሁ።

ከማንበባችሁ በፊት

ብስክሌት ወይም ሞተር ብስክሌት ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ያስተማራችሁ ሰው እንዴት አድርጎ አስተማራችሁ? አሠራሩን በቃል ነገራችሁ ወይስ ራሱ እየሠራ አሳያችሁ? ያው ሰው ትምህርቱን በጽሑፍ ብቻ ቢሰጣችሁ ኖሮ ትረዱት ነበርን? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ጥቂት ከተወያያችሁ በኋላ የሚከተለውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

በ1965 ዓ.ም. የዕቁብ ዕጣ ደረሰኝ። በዚያን ጊዜ በመምህርነት ሠልጥኜ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ዛሬ አዳማ በምትባለው በናዝሬት ከተማ አማርኛ ማስተማር ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። በበጋ የከተማዋ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊቴን ያለብሰኛል። በጋሪ ስሳፈር ደግሞ ፈረሱ እሱ በወደደው ሰዓት እንጂ እኔ በፈለግሁት ሰዓት አያደርሰኝም። ስለዚህ የዕቁቡን ገንዘብ እጄ እንዳስገባሁ፣ አንዲት ያገለገለች፣ ቀለሟ የወይራ ቅጠል የመሰለ ቬስፓ ገዛሁ። እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ ቬስፓዋን ዞር ዞር ብላ ተመለከተችና፣ «ልጄ፣ በሬ ብትገዛበት ያርስልህ ነበር» አለችኝ።

ለሰባት ቀን ያህል ባለቤት ነበርሁ እንጂ ነጂ አልነበርሁም። ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጨርቅ እወለውላታለሁ፤ ካንዴላዋን ፈትቼ አጸዳለሁ፤ የጎማዋን ነፋስ በእጄ እየጫንሁ እፈትናለሁ። የጎረቤት ልጆች ዙሪያዋን ከበው መለከቷን እንዲያስጮኹ ይለምኑኛል። የራሴ የሆነ ነገር ሳይንቀሳቀስ እንኳ እንዲህ ደስ ሊያሰኝ እንደሚችል የተረዳሁት በዚያ ሳምንት ነው። በዚያው ሳምንት ስለ ቬስፓ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቍጥር ማንበብ ጀመርሁ።

ቬስፓ የተወለደችው በኢጣልያ ነው። በፒሳ አጠገብ በምትገኘው በፖንቴዴራ ከተማ የነበረው የፒያጆ ፋብሪካ አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በቦምብ ፈራረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ የድርጅቱ መሪ ኤንሪኮ ፒያጆ፣ ብዙ ሰው ሊገዛው የሚችል ርካሽ ተሽከርካሪ ለማውጣት አሰበ። ሥራውንም ለአውሮፕላን መሐንዲሱ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ ሄሊኮፕተር በመንደፍ የታወቀ ሰው ነበር፤ ሞተር ብስክሌትን ግን ፈጽሞ አይወድም። ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፤ ጎማው ሲፈነዳ ለመለወጥ ያስቸግራል፤ ለመቀመጥም አይመችም ይል ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ከኋላው ጎማ አጠገብ አድርጎ ሰንሰለቱን አስቀረ። የፊተኛው ጎማ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ እንዲያዝ አደረገ። ለእግር ማሳረፊያ ጠፍጣፋ ወለል፣ ከፊት ለፊትም ጭቃና ነፋስ የሚከላከል ጋሻ ሠራ። ማርሹንም ከእግር ወስዶ በግራ እጅ መያዣ ላይ፣ ከፍሪሲዮኑ ጋር አንድ ላይ አስቀመጠው። ይህች ተሽከርካሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ ወር 1946 በፈጠራነት ተመዘገበች። የመጀመሪያዪቱ ሞተር 98 ኩቢክ ሴንቲሜትር ብቻ ነበረች። ወገቧ ቀጭን፣ ኋላዋ ወፍራም፣ ድምፅዋም እንደ ነፍሳት ጥዝታ ስለ ነበር፣ ኤንሪኮ ፒያጆ ባያት ጊዜ «ተርብ ትመስላለች» አለ ይባላል። «ቬስፓ» በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ነውና ስሟ በዚያው ጸና።

ይህን ሁሉ ባውቅም መንዳት አላውቅም ነበር። በስምንተኛው ቀን በሠፈራችን ጋራዥ የነበራቸውን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለመንሁ። እሳቸውም እሑድ ጧት ከባቡር ጣቢያው ባሻገር ወደ ነበረ ባዶ ሜዳ ወሰዱኝ። መካኒኩ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን ሞተር ሲያስነሡ ድምፁን ብቻ ሰምተው በሽታውን ይናገራሉ። ቬስፓዋን ካስነሡልኝ በኋላ ግራ እጄን ይዘው ፍሪሲዮኑን አስጨበጡኝ፤ ማርሹንም ወደ ራሴ ጠምዝዤ አንደኛ ላይ እንዳስገባ አደረጉኝ። ከዚያም፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ግራህ እየለቀቀ ቀኝህ ይስጥ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በመጀመሪያው ሙከራ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ለቀቅሁትና ሞተሩ ጠፋ። በሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ነዳጁን አብዝቼ ስለ ሰጠሁ ቬስፓዋ እንደ ደነገጠ ጥጃ ዘለለች፤ መካኒኩ ከኋላ ወንበሩን ይዘው ባያስቀሯት ኖሮ መሬት ላይ በተገኘሁ ነበር። እሳቸው ግን አልተቈጡም። ያንኑ ቃል፣ «ግራህ እየለቀቀ ቀኝህ ይስጥ» እያሉ ደጋገሙልኝ። ምናልባት በሃያኛው ሙከራ ይሆናል፣ ግራ እጄ ቀስ እያለ ሲለቅ ቀኝ እጄም በዚያው መጠን ሲሰጥ፣ ሁለቱ የሚገናኙባትን ነጥብ በመዳፌ ውስጥ አገኘኋት። ቬስፓዋ ሳትዘል፣ ሳትጮኽ፣ በእርጋታ ተንቀሳቀሰች። እግሮቼን ከመሬት አንሥቼ ወለሉ ላይ አሳረፍሁ። ሜዳው በግራና በቀኝ ወደ ኋላ ይሸሽ ጀመር።

የዚያን ቀን ደስታ በቃላት ለመግለጽ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሬአለሁ። ሰው በልጅነቱ መራመድን ሲማር ደስ ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን አያስታውሰውም። መንዳትን ሲማር ግን በሙሉ አእምሮው ሆኖ እንደ ገና መራመድን ይማራል። ከዚያ በኋላ የአርባ ደቂቃው መንገድ ስምንት ደቂቃ ሆነ። ተማሪዎቼ የቬስፓዋን ድምፅ ከሩቅ ለይተው፣ ገና በር ሳልደርስ ደብተራቸውን ያወጡ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዋሽ ወንዝ ዳር ወዳለው ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ እሄዳለሁ። በመንገድ ላይ የበቆሎው ሽታ፣ የዝናብ ርጥበትና የምድጃ ጭስ እየተፈራረቁ ፊቴን ይነኩኛል፤ በአውቶቡስ መስኮት ይህ ሁሉ አይገኝም። ሞተሯ ባለ ሁለት ምት ስለ ነበረች ለሃምሳ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ የሞተር ዘይት መደባለቅም ተማርሁ። ዘይቱ ሲያንስ ሞተሩ ይጎዳል፤ ሲበዛ ደግሞ ይጨሳል፤ ካንዴላውም ይቆሽሻል። እያንዳንዱን ችግር አጥንቼ ሳስወግድ ቬስፓዋ በገንዘቤ ብቻ ሳይሆን በእውቀቴም የኔ ሆነች።

በዚያው ዓመት ክረምት ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ። ቬስፓዋን ለእናቴ አደራ ሰጠሁ። ታናሽ ወንድሜ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣትም ይዘጋጅ ነበር። «ጋሼ፣ ከመመለስህ በፊት ጥቂት እንድለማመድ አነዳዷን በደብዳቤ ጻፍልኝ» ሲል ጻፈልኝ። እኔም የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ጥያቄው ኩራት አሳደረብኝ። አንድ ምሽት ተቀምጬ ጥርት ያለ፣ አጭር፣ ፊደሉ ያማረ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ዋናው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦

«ፍሪሲዮኑን ጨብጠህ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ነዳጅ ሰጥተህ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ።»

ዐረፍተ ነገሩን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። አንቀጾቹ በሥርዐት የተደረደሩ፣ ዜማቸውም የሚጥም ሆኖ አገኘሁት። በማግስቱ ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚከተለው መልስ ደረሰኝ፦

«ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከግራ እጄ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ወደ ሜዳው ሄጄ አንዲት ቃል ሳላጎድል ያልኸውን ፈጸምሁ። ፍሪሲዮኑን ጨበጥሁ፤ ማርሹን አስገባሁ፤ ነዳጁን ሰጠሁ፤ ከዚያም ለቀቅሁት። ቬስፓዋ ከፊቷ ብድግ ብላ ከግንብ አጥር ጋር አጋጨችኝ። ጋሪ ነጂዎች አንሥተው ሆስፒታል አደረሱኝ። ክንዴ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ስሕተቱ የኔ እንዳይሆን ብዬ ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብሁት። ያንተ ሊሆን አይችልም፤ አማርኛ አስተማሪ ነህና። ምናልባት ቬስፓዋ ለጌታዋ ብቻ የምትገዛ ትሆናለች። እናታችን ግን በሬው ይሻል ነበር ትላለች።»

ይህን ሳነብ ፊቴ በሐፍረት ጋለ። ወንድሜ አልተሳሳተም፤ የጻፍሁትን በትክክል ፈጽሟል። «ነዳጅ ሰጥተህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ መጀመሪያ ነዳጁ ይሰጥ፣ ያ ካለቀ በኋላ ፍሪሲዮኑ ይለቀቅ ማለቱ ነው። እሱም እንዲሁ አደረገ። ሽማግሌው መካኒክ ግን «ግራህ ለቅቆ ቀኝህ ይስጥ» ወይም «ቀኝህ ሰጥቶ ግራህ ይልቀቅ» አላሉኝም ነበር። ያሉኝ «ግራህ እየለቀቀ ቀኝህ ይስጥ» ነው። ያቺን «እየ» እኔ ዐረፍተ ነገሩ እንዲያምርልኝ ስል ጣልኋት። ፊደል ያልቈጠሩት ሰው በትክክል የተናገሩትን፣ ዲፕሎማ ያለኝ እኔ ሳሳምረው አበላሸሁት።

በዚያው ሌሊት ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። በመጀመሪያ፣ «ስሕተቱ የቬስፓዋ አይደለም፤ የኔ ነው» ብዬ ገለጽሁለት። ክንዱ እስኪድንና የሚያውቅ ሰው አጠገቡ እስኪቆም ድረስም ቬስፓዋ ላይ እንዳይወጣ ለመንሁት። ቀጥሎም ዐረፍተ ነገሩን አስተካክዬ ላክሁለት፦

«ፍሪሲዮኑን ጨብጠህ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ከዚያ በኋላ በግራ እጅህ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልህ እየለቀቅህ፣ በቀኝ እጅህ ነዳጁን ጥቂት በጥቂት ስጥ።»

በተከታዩ ዓመት የወንድሜ ክንድ ድኖ፣ መካኒኩም ከአጠገቡ ቆመው፣ በዚያው ሜዳ መንዳትን ተማረ። ሁለተኛዋ ደብዳቤ በኪሱ ነበረች። መንጃ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ አንድ እሑድ እናታችንን ከኋላው አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ሳማት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወንድሜን በወገቡ አጥብቃ ይዛ፣ ስትመለስ ከቬስፓዋ ሳትወርድ «እስቲ አንድ ጊዜ በገበያው በኩል አዙረኝ» አለችው። ስለ በሬው ከዚያን ቀን ወዲህ አላነሣችም።

ቬስፓዋን በ1971 ዓ.ም. ሸጥኋት። ሁለቱ ደብዳቤዎች ግን ዛሬም ከኔ ጋር አሉ። ድርሰት ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ሁለቱንም ለተማሪዎቼ አነብላቸው ነበር።

ለ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች አጥኑ።

ፍሪሲዮን፦ የሞተሩን ኃይል ከጎማው ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ መሣሪያ፤ ሲጨበጥ ያለያያል፣ ሲለቀቅ ያገናኛል።
ማርሽ፦ የሞተሩን ጕልበትና ፍጥነት የሚያመዛዝን የጥርስ ደረጃ።
ካንዴላ፦ በሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጥ ዕቃ።
ጀሶ፦ የተሰበረ አካል እንዳይንቀሳቀስ የሚታሰርበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ነጭ ልስን።
ፊደል አልቈጠሩም፦ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም።
ለጌታዋ ብቻ የምትገዛ፦ ከባለቤቷ በቀር ለሌላ የማትታዘዝ።

ማስታወሻ፦ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላና ጀሶ ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። አንድ ሕዝብ አዲስ ዕቃ ሲቀበል ብዙውን ጊዜ የዕቃውን ስም አብሮ ይቀበላል። በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ጋራዥ ሄዳችሁ ከውጭ ቋንቋ የመጡ ሌሎች አምስት የመኪና ዕቃ ስሞችን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው ቬስፓ ለመግዛት ያነሣሡት ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
2. ኮራዲኖ ዳስካኒዮ በሞተር ብስክሌት ላይ ያገኛቸውን ጉድለቶች በቬስፓ ላይ እንዴት አስወገደ?
3. «ለሰባት ቀን ያህል ባለቤት ነበርሁ እንጂ ነጂ አልነበርሁም» ሲል ምን ማለቱ ነው?
4. «ቬስፓዋ በገንዘቤ ብቻ ሳይሆን በእውቀቴም የኔ ሆነች» የሚለውን ሐሳብ በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
5. ወንድሙ በደብዳቤው ስሕተቱን በማን ላይ አደረገ? ይህስ ስለ ወንድሙ ጠባይ ምን ያስረዳል?
6. ጸሐፊው እንዲያፍር ያደረገው የወንድሙ መጐዳት ብቻ ነውን? መልሳችሁን ከምንባቡ በማስረጃ አስደግፉ።
7. ጸሐፊው ቬስፓዋን በአንስታይ ጾታ የጠራት ለምን ይመስላችኋል? በአማርኛ ግዑዝ ነገርን በአንስታይ መጥራት ምን ዓይነት ስሜት ያሳያል?
8. እናትየዋ ስለ ቬስፓዋ የነበራት አስተያየት መለወጡ በምን ታወቀ? ጸሐፊው ይህን በቀጥታ ነግሮናልን?

መ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና «እየ»

1. ቦዝ አንቀጽ ምንድን ነው?

ዐረፍተ ነገርን የሚዘጋ ግሥ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል። «ወንድሜ መንዳት ተማረ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ተማረ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ግን ድርጊትን ይናገራል እንጂ ዐረፍተ ነገርን ሊዘጋ አይችልም። አንድ ሰው «ፍሪሲዮኑን ጨብጦ» ብሎ ዝም ቢል፣ ሰሚው «ጨብጦ ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐሳቡ የሚፈጸመው «ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ማርሽ አስገባ» ሲባል ነው።

«ነዳ» የሚለው ግሥ በቦዝ አንቀጽ እንዲህ ይረባል፦
እኔ ነድቼ፣ አንተ ነድተህ፣ አንቺ ነድተሽ፣ እሱ ነድቶ፣ እሷ ነድታ፣ እኛ ነድተን፣ እናንተ ነድታችሁ፣ እነሱ ነድተው። በአክብሮት ሲነገርም እርስዎ ነድተው፣ እሳቸው ነድተው ይባላል።

2. የቦዝ አንቀጽ አገልግሎት

የቦዝ አንቀጽ ዋና አገልግሎት ተከታታይ ድርጊቶችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማያያዝ ነው። በዚህ ጊዜ በቦዝ አንቀጽ የተነገረው ድርጊት ይቀድማል፤ በማሰሪያ አንቀጽ የተነገረው ይከተላል።

ምሳሌ፦ መካኒኩ ሞተሩን አስነሥተው ፍሪሲዮኑን አስጨበጡኝ። (መጀመሪያ አስነሡ፤ በኋላ አስጨበጡኝ።)

3. የ«እየ» አገልግሎት

«እየ» በኀላፊ ግሥ ላይ እየተጨመረ ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ፣ ጎን ለጎን መፈጸማቸውን ያሳያል። «ለቀቀ» የሚለው ግሥ ከ«እየ» ጋር እንዲህ ይረባል፦
እኔ እየለቀቅሁ፣ አንተ እየለቀቅህ፣ አንቺ እየለቀቅሽ፣ እሱ እየለቀቀ፣ እሷ እየለቀቀች፣ እኛ እየለቀቅን፣ እናንተ እየለቀቃችሁ፣ እነሱ እየለቀቁ።

አሁን የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።
ሀ) ቡናውን ቆልታችሁ አማስሉት።
ለ) ቡናውን እያማሰላችሁ ቁሉት።
በ«ሀ» የታዘዘ ሰው ቡናውን ሳያማስል ይቆላውና ካረረ በኋላ ያማስለዋል። በ«ለ» የታዘዘ ሰው ግን ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ ይሠራል፤ ቡናውም እኩል ይበስላል። የቃላቱ ልዩነት ጥቂት ነው፤ የውጤቱ ልዩነት ግን በስኒው ይታወቃል።

4. ጥንቃቄ

ቦዝ አንቀጽ ሁልጊዜ ቀዳሚነትን ብቻ ያሳያል ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ አድራጊው ድርጊቱን የፈጸመበትን ሁኔታ ይገልጻል። «ተማሪው ቆሞ መለሰ» ስንል፣ በመለሰበት ጊዜ ሁሉ ቆሞ ነበር ማለታችን ነው። «እናቲቱ ሕፃኑን አዝላ ውኃ ቀዳች» ስንልም ስትቀዳ ሕፃኑ በጀርባዋ ላይ ነበር። ስለዚህ ቦዝ አንቀጽ ስትጽፉ፣ አንባቢው ቅደም ተከተል ነው ወይስ ሁኔታ ብሎ እንዳይጠራጠር ዐረፍተ ነገሩን መላልሳችሁ መርምሩ።

መልመጃ አንድ

በቅንፍ ውስጥ ካሉት ትክክለኛውን መርጣችሁ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ ጻፉ። የመረጣችሁበትንም ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ።
1. ሄልሜቱን (አጥልቆ፣ እያጠለቀ) ቬስፓው ላይ ወጣ።
2. መንገዱን (አይታ፣ እያየች) ነዳች።
3. በሩን (ከፍተው፣ እየከፈቱ) ወደ ውስጥ ገቡ።
4. ሕፃኑን (አባብላ፣ እያባበለች) መድኃኒቱን አጠጣችው።
5. ወጡን ከምድጃ (አውርደህ፣ እያወረድህ) ለእንግዶቹ አቅርብ።

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ቦዝ አንቀጽንና «እየ»ን በተገቢው ቦታ በመጠቀም ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር ለውጡ።
1. ነዳጁን ቀነሰ። ፍሪሲዮኑን ጨበጠ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ።
2. የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ጥቂት በጥቂት ያዘች። በዚያው ጊዜ ወደ ቀኝ ዳር ተጠጋች። ቆመች።
3. ጎማውን ፈታን። ቀዳዳውን ፈለግን። ለጠፍነው።

ሠ. ድርሰት፦ የሥራን አካሄድ ማስረዳት

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ ወይም እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቀው ሰው የሚገልጥ ድርሰት ነው። የሥራን አካሄድ ስታስረዱ የሚከተሉትን አራት ነገሮች አትርሱ።

አንደኛ፣ አንባቢያችሁ ምን እንደማያውቅ አስቡ። የምንባባችን ጸሐፊ የተሳሳተው አማርኛ ስለማያውቅ አይደለም፤ እጁ የለመደውን ነገር ወንድሙም የሚያውቀው ስለ መሰለው ነው። ሰው በሚገባ የለመደውን ሥራ ሲያስረዳ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር መዝለል ይቀናዋል።

ሁለተኛ፣ ሥራውን በደረጃ ከፋፍሉት። የሚቀድመው ምንድን ነው? የሚከተለውስ? አብሮ የሚሠራውስ? ይህን በረቂቅ ወረቀት ላይ በቍጥር ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ድርሰት ለውጡት።

ሦስተኛ፣ መጠንን ግለጹ። «ልቀቅ» ማለትና «ቀስ እያልህ ልቀቅ» ማለት አንድ አይደለም። «ጨው ጨምር» ማለትም ምን ያህል እንደ ሆነ ካልተነገረ ወጡን ያበላሻል።

አራተኛ፣ አደጋ ሊያስከትል የሚችለውን ነገር ከደረጃው በፊት አስቀምጡ እንጂ በኋላ አታምጡት። እሳቱ ከነደደ በኋላ «ቤንዚኑን አርቅ» የሚል ምክር ጥቅም የለውም።

ለምሳሌ የሚሆን አንቀጽ

ቬስፓ የሚያቆም ሰው የሚያደርገውን የሚያስረዳውን ይህን አንቀጽ ተመልከቱ።

«ቬስፓን ማቆም ከማስነሣት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነጂው ለመቆም ሲያስብ አስቀድሞ ከኋላው የሚመጣ ተሽከርካሪ እንዳለ ይመለከታል። ከዚያም ነዳጁን ይቀንሳል። በቀኝ እግሩ የኋላውን ፍሬን እየረገጠ፣ በቀኝ እጁ የፊቱን ፍሬን በእርጋታ ይጨብጣል፤ የፊቱን ብቻ በድንገት ቢጨብጥ ጎማው ተንሸራቶ ሊጥለው ይችላል። ቬስፓዋ ልትቆም ጥቂት ሲቀራት፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል። ፈጽማ ስትቆም ግራ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ማርሹን ወደ ዜሮ ይመልሳል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ያሉትን ቦዝ አንቀጾችና በ«እየ» የተነገሩትን ግሦች ለይታችሁ አውጡ። «እየረገጠ» የሚለው ተለውጦ «ረግጦ» ቢባል የሐሳቡ ፍች እንዴት እንደሚለወጥ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

የድርሰት ሥራ

ከሚከተሉት አርእስት አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ አስረጂ ድርሰት ጻፉ።
1. የፈነዳ የብስክሌት ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ
2. እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር
3. ኩራዝ ወይም ፋኖስ እንዴት እንደሚጸዳና እንደሚበራ
4. የመጀመሪያውን የብስክሌት ትምህርት ለታናሽ ወንድም ወይም እኅት ስለ መስጠት

ድርሰቱን ከመስጠታችሁ በፊት በዚህ መንገድ ፈትኑት። ጓደኛችሁ ድርሰቱን ይዞ በክፍሉ ፊት ይቁም። ሌላው ተማሪ ድርሰቱን ቃል በቃል ሲያነብለት፣ ጓደኛችሁ የተጻፈውን ብቻ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ በእጁ እንቅስቃሴ ያሳይ። በልማድ የሚያውቀውን ከራሱ እንዳያክል ተጠንቀቁ። የተጻፈው የማያሠራው ከሆነ ስሕተቱ የሠሪው አይደለምና፣ ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ዐረፍተ ነገሩን ያስተካክል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ትምህርት ስለ ቬስፓ ማንበብንና መጻፍን ያስተምራል እንጂ መንዳትን አያስተምርም። ሞተር ብስክሌት መንዳት የሚፈልግ ሰው ዕድሜው ሲፈቅድለት፣ ሄልሜት አጥልቆ፣ የሚያውቅ አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ ይለማመድ፤ መንጃ ፈቃድም ሳይዝ ወደ አውራ መንገድ አይውጣ።